የጋሽ አይበቃም ሜሞሪ

በየቤተሰቡ አንድ «አይበቃም» ባይ አይጠፋም። እንግዳ ሲጠራ ወንበሩን በዓይኑ ለክቶ አይበቃም ይላል። ቤት ሲቀባ የቀለሙን ቆርቆሮ ነቅነቅ አድርጎ አይበቃም ይላል። ሻንጣ ሲታሰር ገመዱን ጎተት አድርጎ አይበቃም ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ቤተሰብ አለ ከተባለ፣ ሰውዬው ለጊዜው ገበያ ወጥቶ ነው። ለዚህ ታሪክ ባለቤት፣ ለፎቶ አንሺዋ ቤተሰብ ግን ፈጣሪ በዚህ በኩል አልነፈገም። የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ክቡር ጋሽ አይበቃም፣ የአይበቃም ባዮች ሁሉ አለቃ ናቸው።

ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤታቸው ናት። እሷን ዘመድ ሁሉ «እትዬ» እያለ በ«አንቺ» ይጠራታል። ጋሼን ደግሞ ፊት ለፊት «አንተ»፣ ዞር ሲሉ «እሳቸው» ነው የሚላቸው። ፊት ለፊት ካከበሯቸው ትምህርቱ እንደሚረዝም ዘመዱ ከልምድ ያውቃል።

ጋሽ አይበቃም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሊፍት ጠጋኝ ነበሩ። በሊፍት ሥራ ደግሞ «ይበቃል» የሚባል ቃል የለም። ስምንት ሰው ይጭናል ተብሎ የተጻፈበት ሊፍት፣ ገመዱ የዚያን እጥፍ ድርብ የማይችል ከሆነ ማንም አይሳፈርበትም። ይህ ሕግ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ወጣ። ሊፍቱ ቀረ። ሕጉ ግን ሥራ ፈትቶ የሚያርፍበት ሲፈልግ ኮምፒውተርን አገኘ፤ ከኮምፒውተርም ውስጥ ሜሞሪን መረጠ።

የእህታቸው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቀይር ቢዘገይ፣ ጋሼ በጀርባው በኩል ዞረው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ «ሜሞሪው አይበቃም» አሉ። የአማቻቸው መኪና አንድ ጠዋት አልነሳ ቢል፣ «የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ነው፤ ሜሞሪው አይበቃም» አሉ። መኪናው ያለቀበት ቤንዚን ነበር። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው ደግሞ፣ ሐኪሟ ራጁ እስክሪኑ ላይ እስኪከፈትላት ስትጠብቅ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ አንድ ነገር ሊነግሯት ታገሉ። ሐኪሟ ያመማቸው መስሏት መርፌ ደገመቻቸው።

አንድ ቀን እትዬ ሾርባው ውስጥ ጨው መጨመር ረሳች። ጋሼ ቀመስ አድርገው ማንኪያቸውን አስቀመጡና ቀና አሉ።

«የእኔን ሜሞሪ እንዳትነካው» አለቻቸው።

«ምን ተናገርኩ?»

«ልትናገር ነበር።»

የጋሼ የክብራቸው ዙፋን ግን ኮሪደር ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። እዚያ «ታላቁ ሰርቨር» ይኖራል። ነገሩ ከአሮጌ ኮምፒውተር በእጅ የሚሠራ፣ የቤተሰቡን ፎቶና ፋይል በአንድ ቦታ አስቀምጦ በኔትወርክ ለየክፍሉ የሚያድል ማሽን ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን በአንድ ቅዳሜ ሠርቶ ይጠቀምበታል። ጋሼ ግን ለዓመታት እየሠሩት ነው።

«ሃርድ ዲስክ ማለት መጋዘን ነው» ይላሉ፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም። «ሜሞሪ ደግሞ ዕቃው መጋዘን ከመግባቱ በፊት ተዘርግቶ የሚደረደርበት ጠረጴዛ። መጋዘኑ ሜዳ ቢያክል፣ ጠረጴዛው መዳፍ ካከለ ምን ዋጋ አለው?» ከዚያ ሕጉ ይከተላል። «ለአንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊጋ ሜሞሪ። ይህ እንግዲህ ለደፋር ሰው ነው። እጥፉ ለጠንቃቃ። የእጥፉ እጥፍ ነገን ለሚያስብ።» በዚህ ስሌት ታላቁ ሰርቨር በየጊዜው ሲጨመርበት ኖሮ ስድሳ አራት ጊጋ ገብቷል። የተቀመጠበት ፋይል ግን አንድ ብቻ ነው። ስሙም «ሙከራ» ይባላል።

«ገና ነው፤ አልተዘጋጀም» ይላሉ ጋሼ።

«ስድሳ አራት ጊጋ ያለው የመጥረጊያ ማስደገፊያ ያለው እኛ ቤት ብቻ ነው» ትላለች እትዬ።

ፎቶ አንሺዋ ችግሯን ይዛ ወደ አጎቷ የሄደችው ይህን ሁሉ እያወቀች ነው። ወይ ዝምድና፣ ምን ይደረግ። የሠርግ ፎቶ ነው የምታነሳው። ፎቶ ቤቷ ምድር ቤት ነው፤ መኖሪያዋ ከእሱ በላይ ነው። ከታች ደንበኛ ታስተናግዳለች፣ ከላይ ፎቶ ታስተካክላለች፤ በሁለቱ መካከል የዓመታት ሥራዋን የያዘ አንድ ሃርድ ዲስክ በሹራቧ ኪስ ውስጥ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። አንድ ቀን ከኪሷ ሾልኮ ደረጃው ላይ ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተሰካ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር። በየሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሙሽራ ፎቶ ሁሉ እናቱ፣ ማለትም ዋናው ፋይል፣ እዚያ ውስጥ ናት፤ ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የእሷም ልብ አብሮ ቀጭ ይላል።

«ጋሼ፣ አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ» አለቻቸው። «ፎቶዎቹን ሁሉ እሱ ላይ ገልብጬ፣ ከላይም ሆነ ከታች በኔትወርክ ልከፍታቸው ነው።»

«ሜሞሪው ስንት ነው?»

«ስምንት ጊጋ።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መርዶ የተነገራቸው ይመስሉ ነበር። «ፎቶውስ?»

«አራት ቴራ ቢሆን ነው። በአንተው ሕግ እኮ ስምንቱ የጠንቃቃ ሰው ነው።»

ጋሽ አይበቃም በገዛ ገመዳቸው የሚያስራቸው ሰው ሲያጋጥማቸው ገመዱን ያስረዝሙታል። «ፎቶ ይወልዳል» አሉ ረጋ ብለው። «ዛሬ አራት ነው፤ ለከርሞ ስድስት ይሆናል። ስምንት አይበቃም። ደህና ሜሞሪ እስካፈላልግልሽ ድረስ አንድም ነገር እንዳትገለብጪ።»

«ሃርድ ዲስኩ ድምፅ እያሰማ ነው።»

«ታገሺ። ገመድ የሚበጥሰው ችኮላ ነው።»

ታገሠች። ጋሼም በቃላቸው ፍለጋቸውን ቀጠሉ። በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ በየሳምንቱ አንድ ሜሞሪ ተገኝቶ ሳይበቃ ይቀራል። አንዱ መጠኑ፣ አንዱ ፍጥነቱ፣ አንዱ ደግሞ የሻጩ ዓይን አልበቃ አላቸው። የሃርድ ዲስኩ ድምፅ ግን ቀስ በቀስ ቀጭ ከማለት አልፎ ቀጭ ብሎ ማሰብ፣ አስቦም ዝም ማለት ጀመረ። አንድ ጠዋት ለረጅም ጊዜ አልከፈትም ብሎ ሲያስጨንቃት፣ ፎቶ አንሺዋ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መንገዱን ተሻግራ ኮምፒውተር ሻጩ ዘንድ ገባች።

ኮምፒውተር ሻጩ ቁጥብ ሰው ነው። ጋሽ አይበቃምን በደንብ ያውቃቸዋል፤ ከሩቅ ሲያያቸው ምሳ ይወጣል።

«ስንት ሰው ይጠቀምበታል?» ብሎ ጠየቃት።

«እኔ ብቻዬን።»

«ፎቶ ከማስቀመጥና ከመክፈት ሌላ የምትሠሪበት?»

«ምንም።»

«ስምንት ይተርፍሻል። አራትም አያሳፍርሽም። ትርፍ ሜሞሪ ማሽኑን ያቀላጥፈዋል እንጂ ፎቶሽን አያድንልሽም። የሚያድንልሽ ሌላ ቤት የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ነው። እሱን ደግሞ አስቢበት።»

ሁለተኛውን ነገር ልታስብበት ተወችው፤ የመጀመሪያውን ግን የዚያኑ ዕለት ሠራችው። አሮጌው ኮምፒውተር ጠረጴዛዋ ሥር ተቀምጦ እንደ ጠገበ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። ከፎቶዎቹ ግማሽ ያህሉ ወደ እሱ ተገለበጡ። ከታች ሆና ስትከፍታቸው ተከፈቱ፤ ከላይ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆና ስትከፍታቸውም ተከፈቱ። ለጋሼ ግን አልነገረቻቸውም። ሰበብ ስትፈልግ ሰነበተችና፣ ሰበቡ ሳይገኝ ጋሼ ራሳቸው ሻይ ሊጠጡ መጡ።

የሊፍት ጠጋኝ ጆሮ ጡረታ አይወጣም። ገና በሩ ላይ ሳሉ ቆም አሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠረጴዛው ሥር አዩ።

«ሠራሽው» አሉ።

«ሠራሁት።»

«በስምንቱ?»

«በስምንቱ።»

ሻያቸውን ስኳሩን ሳያማስሉ ጠጡና፣ ደህና ዋይ ብለዋት ወጡ። «አይበቃም» እንኳ አላሉም። ፎቶ አንሺዋ በሩን ዘግታ ስትመለስ፣ ቢቆጧት ይሻል እንደነበር ገባት። የረገሟት ያህል ከበዳት።

በማግሥቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ንጹህ ካልሲ አወጡ፤ ከካልሲው ውስጥ አንዲት ሜሞሪ።

«ስምንት ጊጋ ናት» አሉ። «ከታላቁ ሰርቨር ላይ ነው የነቀልኳት።»

ሰውዬው ከዚያ ማሽን ላይ ብሎን እንኳ ሲያበድሩ ያየ ዘመድ የለም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልቸገረኝም...»

«አውቃለሁ። ማሽንሽ ቦታው ሁለት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ አራቶች አንዷን እናውጣና ይህችን እናስገባ። አሥራ ሁለት ይሆናል። አይበቃም፤ ግን እንቅልፍ ይሰጠኛል።»

ለእሳቸው እንቅልፍ ብላ እሺ አለች። ጋሼ ካቻቢቴያቸውን አውጥተው ክዳኑን ፈቱ፣ ሜሞሪዋን ጠቅ እስክትል ተጭነው አስገቡ፣ የወጣችውን አራት ጊጋ ደግሞ «ለሌላ ችግረኛ» ብለው በካልሲው ይዘው ሄዱ። ፎቶ አንሺዋ የቀረውን ግማሽ ፎቶ የገለበጠችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ከሰዓት ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምትገዛው ከእሱ ነው፤ ሠርጉን ያነሳችውም እሷ ናት። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እናቴ አርፋለች፤ ሰምተሻል» አለ። «አንድ ፎቶ ነበረች፤ ሠርጌ ላይ ኮሌታዬን ስታስተካክልልኝ። ትልቅ አድርገሽ እጠቢልኝ። ሱቁ ውስጥ ልሰቅላት ነው።»

ፎቶ አንሺዋ ፎቶዋን አስታወሰቻት። ወንበር ሰጥታው ማሽኑ ላይ ፈልጋ ከፈተችው። የእናትየው እጅ ወጣ፣ የሙሽራው ኮሌታ ወጣ፣ ግንባሯ ወጣ። ከቅንድቧ በታች ግን ፊት አልነበረም፤ አረንጓዴና ግራጫ ቀለም እንደ ተቀደደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀጣዩን ከፈተች፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛው ደህና ነው፤ እናትየው ግን የለችበትም።

«ምን ሆና ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ማሽኑ ነው። ፎቶዋ አለች» አለች፣ ትኑር አትኑር ሳታውቅ።

«ሌላ የላትም። ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።» ኮፍያውን ጨበጥ አደረገ። «ነገ ልምጣ?»

«ከነገ ወዲያ ና።»

ሌሊቱን በደንብ አልተኛችም፤ ማልዳ ተነስታ የቀሩትን ስትከፍት መጀመሪያ የተገለበጡት ሁሉ ደህና ናቸው። ኋላ ከተገለበጡት ግን ብዙዎቹ ተበላሽተዋል፤ አንዱ ሙሽራ አንገት የለውም፣ አንዷ ሚዜ ሁለት ቦታ ተቆርጣለች። ለኮምፒውተር ሻጩ ደወለች።

«ከመጀመሪያው ግማሽ በኋላ ምን ቀየርሽ?» አላት።

ጠረጴዛው ሥር ተመለከተች። «ሜሞሪ» አለች ቀስ ብላ።

«ከየት የመጣ?»

«ከዘመድ።»

«ገባኝ» አለ ሻጩ። «ሜሞሪዋ ታማለች። ፎቶው በእሷ በኩል ሲያልፍ ነው የተቀደደው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ጥለሽዋል?»

«አለ።»

«እንግዲያው አውጫትና እንደገና ገልብጪ። ሃርድ ዲስኩ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ለእሳቸው እንዴት እንደምትነግሪያቸው ግን አንቺ ታውቂያለሽ።»

እሷም አላወቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅባቸው ኖራለች፤ የጥርስ ሐኪሟን ታሪክ ከሁሉ አሳምራ የምታወራው እሷ ናት። አሁን ግን እኒያን ሰው ንጹህ ካልሲ በኮታቸው ኪስ ይዘው ሲመጡ በዓይነ ሕሊናዋ እያየቻቸው፣ «የሰጠኸኝ ነው ያበላሸብኝ» የሚለውን ቃል ምላሷ አልታዘዝ አላት። ሜሞሪዋን በዝምታ ልታወጣት፣ ከጊዜ በኋላም ማሽኑ አረጀ ልትላቸው ወሰነች። ካቻቢቴ ልትፈልግ መሳቢያ ስትከፍት ግን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዳቦ ልትገዛ ሄዳ ወሬውን ሰምታ ነበር፤ ጋሼም የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንግተው ደርሰዋል።

«አሥራ ሁለት አይበቃም ብዬሽ ነበር» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«በመሰለኝ አይጠገንም። ይመርመር።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሜሞሪ የሚመረምር ፕሮግራም ነበራቸው፤ ነገር ይጽፍባታል፣ መልሶ ያነባል፣ የጻፈውን ካላገኘ በቀይ ይጮሃል። አስጀመሩት። ብዙም ሳይቆይ እስክሪኑ ቀላ።

«ሜሞሪ ታማለች» አሉ፣ እንደ ሐኪም ከመነጽራቸው በላይ እያዩ። «ያችው የቀረችው አራት ጊጋሽ ትሆናለች።» የራሳቸውን አውጥተው አራቷን ብቻዋን መረመሯት። ንጹህ ናት። ደገሟት። ንጹህ። ጋሼ አገጫቸውን ሲዳብሱ ቆዩና አራቷን አውጥተው የራሳቸውን አስገቡ። ፎቶ አንሺዋ ሻይ ለመቅዳት ዞር ብላ ስትመለስ እስክሪኑ በቀይ ተሞልቷል።

ጋሼ ማሽኑን አጥፍተው ሜሞሪዋን ነቀሉና መዳፋቸው ላይ አኖሯት።

«ይህች የእኔ ናት» አሉ በመጨረሻ። ቀና ብለው አዩዋት። «ታውቂ ነበር?»

«አሁን ጠዋት ነው ያወቅሁት።»

«ምነው ታዲያ?»

«ቅር እንዳይልህ ብዬ።»

«እኔ ቅር ቢለኝ እራቴን በልቼ እተኛለሁ» አሉ። «ያ ሰውዬ የእናቱን ፊት እንዲህ አይቶ እንዴት ይተኛል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሰርቨሬ ውስጥ ኖራለች። ምንም ስለማላስቀምጥበት በሽታዋ አልታወቀም። የባዶ ሊፍት ገመድ መቼም አይበጠስም።»

ጋሼ አራቷን መልሰው አስገቡና ክዳኑን ገጠሙ።

«ከኮምፒውተር ሻጩ ሌላ ልግዛ?» አለች።

«አይ። አራት ይበቃል።»

በትክክል መስማቷን ተጠራጠረች። እትዬ ኋላ ሲነገራት ትኩሳት እንዳላቸው ጠይቃለች። ያን ጊዜ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበረም፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሊሰካ ነው። ተሰካ። ቀጭ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀጭ አለ። ጋሼ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አድርገው እንደ ልጅ ትኩሳት አዳመጡት።

«ደክሟል» አሉ። «የደከመ ገመድ ሁሉን በአንዴ አይጎትትም። አስፈላጊውን እናስቀድም። የዳቦ ቤቱን አምጪው፤ ያውም እናትየውን ብቻ።»

ፎጣ አጥፈው ከሥሩ አነጠፉለት፤ ማራገቢያ አዞሩለት። ፎቶ አንሺዋ ፎቶዋን መርጣ ቅዳ አለችው። መስመሩ ትንሽ ሄደና ቆመ። ሃርድ ዲስኩ ዝም አለ። ልትነካካው እጇን ስትዘረጋ ጋሼ ክንዷን ያዟት። «ተይው። ይተንፍስ።» ማራገቢያው ብቻ ይዞራል። ቆይቶ ከውስጥ አንዲት ደካማ ድምፅ ተሰማችና መስመሩ ተንቀሳቀሰ።

ከፈተችው። እጇ፣ ኮሌታው፣ ግንባሯ፣ ቅንድቧ፤ ከዚያም ቀሪው ፊቷ መጣ። አንድ ዓይኗ በሳቅ ብዛት ተጨፍኗል፤ ከፊት አንድ ጥርስ የላትም፤ ልጇን እንጂ ካሜራውን አታይም።

«ደርሳለች» አሉ ጋሼ፤ ወንበራቸው ላይም ተደገፉ።

ቀኑን ሙሉና የማግሥቱን ጠዋት እንዲያ ሠሩ። ቅደም ተከተሉ የጋሼ ነበር፦ መጀመሪያ ያረፉ ሰዎች ያሉበት፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ሙሽሮች፣ ከዚያ ሌላው። ትንሽ ይገለብጣሉ፣ ያሳርፉታል፣ የተገለበጠውን እየከፈቱ በዓይናቸው ያያሉ፣ ይቀጥላሉ። አንድ የአዳራሽ ባለቤት ያሳነሳው የአበባ ማስቀመጫ ብቻ ሲቀር ሃርድ ዲስኩ አንዴ ረዘም አድርጎ ተንቀጫቀጨና ለዘለዓለሙ ዝም አለ።

«ለአበባ ማስቀመጫ ማን ያለቅሳል» አሉ ጋሼ። እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሱለትም።

ዳቦ ጋጋሪው ሲመጣ ፎቶዋ ታጥባ፣ በካርቶን ተደግፋ ትጠብቀው ነበር። ፎቶ አንሺዋ፣ «ያን ቀን ማሽኑ...» ብላ ስትጀምር ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ማሽኑ አይደለም» አሉት። «እኔ የሰጠኋት ሜሞሪ ነው ፎቶህን ያበላሸው። ሳልመረምር ነው የሰጠኋት። መልሳ ያገኘችልህ እሷ ናት።»

ሰውዬው የሚሰማ አይመስልም ነበር። ፎቶዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዴ ራቅ አንዴ ቀረብ እያደረገ ያያል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና አለ።

«እኔም ዱቄት ሳልነፋ አቡክቼ አውቃለሁ» አላቸው። ፎቶዋን ኮቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ሸጉጦ ወጣ።

ጋሼ የመንገዱን ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በመስኮቱ ሲያዩት ቆዩ። «ያ ኮምፒውተር ሻጭ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ስለ ሁለተኛ ቅጂ ነግሮኛል ያልሽው ምን ነበር?»

«ሌላ ቤት ይቀመጥ ብሎኛል።»

«ልክ ነው» አሉ። ይህንንም ማለት ቀላል አልነበረም፤ ግን አሉት።

የዚያው ሳምንት እሑድ ፎቶ አንሺዋ ማሽኗን ታቅፋ አጎቷ ቤት ገባች። ጋሼ የታላቁን ሰርቨር ሜሞሪዎች አንድ በአንድ መርምረው የታመሙትን አውጥተዋል፤ ስንት እንደቀረ ማንም አልጠየቃቸው፣ እሳቸውም አልተናገሩም። «ሙከራ» የሚለውን ፋይል አጠፉና በምትኩ የሰው ሁሉ ሠርግ ወደ ኮሪደሩ ቁም ሣጥን ይፈስ ጀመር።

ገልብጦ መተው ግን በጋሼ ቤት የለም። የገባው ሁሉ ተከፍቶ ይታያል። እናም ሳሎን ተቀምጠው፣ ማውሱን ጋሼ ይዘው፣ አንድ በአንድ ያልፏቸዋል። «ደህና። ቀጣይ። ደህና። ቀጣይ።» እትዬ እጇን እያደራረቀች መጣችና የሶፋው ክንድ ላይ አረፍ አለች። የምታውቀው ሰው ሲመጣ ስሙን ትጠራለች፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን የተከራየውን ሱፍ እንዳልመለሰ ትናገራለች። ጋሼ አይመልሱም። «ደህና። ቀጣይ።»

አንዲት ነርስ ጎረቤታቸው ያገባች ጊዜ የተነሳ ፎቶ መጣ። አዳራሹ መሀል እትዬ በባዶ እግሯ ትጨፍራለች፤ እጆቿ ከራሷ በላይ ናቸው። ከጨፋሪዎቹ ዳር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ጋሼ ቆመዋል። ጫማዎቿን ይዘውላታል፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጃቸው። አጠገባቸው የሚያስተምሩት ሰው የለም። የድምፅ ማጉያውን አያዩም፣ ሽቦውን አያዩም። አፋቸው ዝግ ነው። የሚያዩት እሷን ነው።

ፎቶ አንሺዋ ይህን ማንሳቷን ፈጽሞ አላስታወሰችም።

«እዚህ ላይ ምን እያልክ ነበር?» አለች እትዬ።

«ምንም» አሉ ጋሼ። «ደህና ነው፤ አልተበላሸም። ቀጣይ፤ ገና ብዙ ይቀረናል።»

«ቆይ» አለች እትዬ።

ጋሼ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ።